ሠራተኛው ለካንሰር አምጪ ኬሚካል እየተጋለጠ መሆኑን እንዴት እንለያለን? ለፋብሪካ፣ ለወርክሾፕና ለጋራዥ

በሥራ ቦታ ካንሰር አምጪ ነገር ፍለጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው። የደህንነት ኃላፊው መጋዘን ይገባል፣ በርሜሎቹን ይቆጥራል፣ የራስ ቅል ምልክት ያለባቸውን ይመዘግባል፣ ፋይሉን ይዘጋል። የራስ ቅሉ ምልክት ግን ቶሎ የሚገድል መርዝን እንጂ ካንሰርን አያመለክትም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው፦ በኢንዱስትሪ ውስጥ ሰው ከሚጎዱት ካንሰር አምጪ ነገሮች ብዙዎቹ ተገዝተው አይመጡም፣ እዚያው ሥራው ላይ ይወለዳሉ። እንጨት ሲላግ፣ ግራናይት ሲቆረጥ፣ ስቴንለስ ሲበየድ፣ ጀነሬተር ሲነሳ። እነዚህ ደረሰኝ የላቸውም፤ ንብረት ክፍል አያውቃቸውም።

ሌላው የሚያሳስተው ጊዜው ነው። አሲድ ሲፈስ ወዲያው ያቃጥላል፣ ሁሉም ያያል። አስቤስቶስ የሚያመጣው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ይቆያል። ቤንዜን ከሚያመጣው የደም ካንሰር በስተቀር አብዛኞቹ ከአሥር ዓመት በታች አይታዩም። ስለዚህ «ስንት ዘመን ሠራንበት፣ ማንም አልታመመም» የሚለው መልስ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የታመመው ሰው ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ሐኪሙም የት ይሠራ እንደነበር አልጠየቀውም።

ፍለጋው እንግዲህ ከመጋዘኑ ሳይሆን ከሥራው መጀመር አለበት።

የሥራውን መንገድ በእግር መከተል

አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይያዙ። ጥሬ ዕቃው ከሚራገፍበት በር ተነስተው ቆሻሻው እስከሚወጣበት በር ድረስ ይራመዱ። በየጣቢያው ቆም ብለው አራት ነገር ይጻፉ፦ ምን ይገባል፣ ምን ይደረግበታል (ይሞቃል፣ ይፈጫል፣ ይረጫል፣ ይቀላቀላል፣ ይደርቃል)፣ ከዚህ ምን ይወጣል፣ በአቅራቢያው ማን ይቆማል። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። አቧራ፣ ጭስ፣ ትነት፣ ጉም፣ ፍሳሽና ፍርፋሪ ሁሉም «የሚወጣ» ናቸውና አንዳቸውንም አይዝለሉ።

ጉብኝቱን በቀን ፈረቃ ብቻ አይጨርሱ። በርሜል የሚታጠበው፣ ከበሮ የሚጸዳው፣ የአቧራ ከረጢት የሚራገፈው ብዙ ጊዜ ማታ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ከፍተኛው መጋለጥም ያለው እዚያ ነው። ጥገና ሠራተኛው፣ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ በኮንትራት የመጣው በያጅ ካልተጻፉ ዝርዝሩ አልተሟላም። ፎርማኑ ሂደቱ እንዴት መሄድ እንዳለበት ይነግርዎታል። እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ማሽኑ ላይ ያለው ሰው ነው። ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቁ።

መጋዘኑ

ሴፍቲ ዳታ ሺት የሚባለው ሰነድ 16 ክፍሎች አሉት። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት አራቱ ናቸው። ክፍል 2 አደጋውን ይናገራል። ክፍል 3 ውስጡ ያሉትን ኬሚካሎች ከነመጠናቸው ይዘረዝራል። ክፍል 8 በአየር ውስጥ የሚፈቀደውን ጣሪያ፣ ክፍል 11 ደግሞ የጤና ጉዳቱን ይዟል።

ክፍል 2 ላይ «ኤች 350» የሚል ኮድ ካለ ነገሩ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው፤ «ኤች 351» ይጠረጠራል ማለት ነው። በዕቃው ላይ የሚለጠፈው ምልክት ቀይ ጠርዝ ባለው አልማዝ ቅርጽ ውስጥ ደረቱ ላይ ኮከብ መሰል ስንጥቅ ያለበት የሰው ምስል ነው። ይህ ምልክት ለሌሎች የረጅም ጊዜ ጉዳቶችም ስለሚውል ኮዱን ሳያዩ አይወስኑ።

ሰነዱን ሲያነቡ የሚያጋጥሙ ጉድለቶች የታወቁ ናቸው። ክፍል 3 ላይ የተዘረዘሩት ነገሮች ተደምረው 40 በመቶ ብቻ ከሆኑ ቀሪው 60 ምንድነው? «የሃይድሮካርቦን ድብልቅ» ብሎ ያለፈው ውስጥ ቤንዜን ስንት ነው? ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ነገር ከ0.1 በመቶ ጀምሮ መገለጽ አለበት። ሰነዱ ዝም ካለ አቅራቢውን በጽሑፍ «ቤንዜን በመቶ ስንት አለበት?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል «የለበትም» ያለ ነጋዴ ነገ ለመፈረም ያመነታል።

የንግድ ስም አይታመንም። አንዱ ቲነር ሦስት ስም ይዞ ይመጣል፤ ሦስት የተለያዩ ቲነሮችም በአንድ ስም ይሸጣሉ። የማይዋሸው ለእያንዳንዱ ኬሚካል የሚሰጠውና በዓለም ሁሉ አንድ የሆነው መለያ፣ የካስ ቁጥር ነው። ክፍል 3 ላይ እነዚህን ይፈልጉ፦

ቤንዜን 71-43-2
ፎርማልዲሃይድ 50-00-0
ትራይክሎሮኤቲሊን፣ ቅባት ማስለቀቂያ፣ 79-01-6
ሶዲየም ዳይክሮሜት 10588-01-9 ወይም 7789-12-0
ፖታሲየም ዳይክሮሜት 7778-50-9
ክሮሚየም ትራይኦክሳይድ፣ ለክሮም ማልበሻ፣ 1333-82-0
ሌድ ክሮሜት፣ በቢጫ ቀለሞች ውስጥ፣ 7758-97-6
ዳይሬክት ብላክ 38፣ ጥቁር ማቅለሚያ፣ 1937-37-7
ኤቲሊን ኦክሳይድ፣ የሕክምና ዕቃ ማምከኛ፣ 75-21-8
ኳርትዝ ወይም ክሪስታል ሲሊካ 14808-60-7

ዝርዝሩ መነሻ እንጂ ሙሉ አይደለም። በፈረንሳይ ሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸውን ያረጋገጠላቸውን ነገሮች በምድብ 1 ያስቀምጣል፤ ቁጥራቸው ከ120 ይበልጣል። የኤጀንሲው ዝርዝር በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ምድቡ የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይለካም። ሁለት ነገሮች ምድብ 1 ስለሆኑ እኩል ያሰጋሉ ማለት አይደለም፤ ስጋቱን የሚወስነው ምን ያህል፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ዓመት የሚለው ነው።

እዚህ ላይ በአማርኛ ስላለ አንድ መምታታት መናገር ያስፈልጋል። ማደያ የምንቀዳው ቤንዚን ነዳጅ ነው፤ የብዙ ኬሚካሎች ድብልቅ ነው። ቤንዜን ደግሞ በዚያ ድብልቅ ውስጥ የሚገኝ አንድ ኬሚካል ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ ሰው «ቤንዚን ሁሌ እንነካለን፣ ምን አደረገን» ይላል፤ ውስጡ ያለውን አያስበውም። ጋራዥ ውስጥ በቤንዚን እጅ መታጠብ፣ በአፍ በጎማ ስቦ መቅዳት፣ ሞተር ክፍል በቤንዚን ማጠብ ሁሉ የቤንዜን መጋለጥ ተብሎ መመዝገብ አለበት።

«አንድ በመቶ ብቻ ነው» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያዘናጋል። አንድ ሊትር ቲነር 1 በመቶ ቤንዜን ቢኖርበት 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ክብደቱ 8.8 ግራም ገደማ። አምስት በአምስት ሜትር ስፋት፣ አራት ሜትር ከፍታ ባለው የተዘጋ ክፍል ውስጥ ተንኖ ቢያልቅ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር 88 ሚሊግራም ይደርሳል። ይህ በባሕር ወለል ግፊት ወደ 27 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 27ቱ) ነው። የአሜሪካ ሕግ ለ8 ሰዓት የሚፈቅደው 1 ፒፒኤም ነው። ክፍሉ መስኮት ስላለው እውነተኛው ቁጥር ያንሳል፣ ግን ስሌቱ ከየት እንደምንነሳ ያሳያል። ከመለካትዎ በፊት በየጣቢያው በሳምንት ስንት ሊትር እንደሚያልቅ ከንብረት ክፍል ወስደው እንዲህ ያስሉ፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ጣቢያ የቱ እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ሥራው ራሱ የሚወልዳቸው

የእንጨት አቧራ ምድብ 1 ነው። በተለይ የጠንካራ እንጨት አቧራ የአፍንጫና የአፍንጫ ዙሪያ ባዶ ቦታዎች ካንሰር ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ በሜትር ኩብ 2 ሚሊግራም ነው። መላጊያው የሚያወጣው ሻካራ ሰጋቱራ ያን ያህል አያሳስብም፤ መሬት ላይ ይወድቃል። የሚያሳስበው ማለስለሻ ማሽኑ የሚያወጣው እንደ ዱቄት የላመው ነው። ኤምዲኤፍና ቺፑድ ላይ ደግሞ ፎርማልዲሃይድ ይጨመራል፣ ማጣበቂያው ከእሱ የተሠራ ነውና። አዲስ የተራገፈ ኤምዲኤፍ የተደረደረበት ክፍል ሲገቡ ዓይን የሚያስለቅሰው እሱ ነው።

ድንጋይ ላይ የሚጠየቀው የድንጋዩ ዓይነት ነው፤ የሚያሳስበው አቧራው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ነውና። ግራናይት በመቶ ከ20 እስከ 60 ኳርትዝ አለው፤ የአሸዋ ድንጋይ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሳይት ስለሆነ ኳርትዙ ጥቂት ነው፤ ባዛልትም እንዲሁ። «ድንጋይ ጠራቢ» ብሎ ሁሉንም በአንድ መደብ ማስቀመጥ ስለዚህ ስህተት ነው። ደጅ ላይ ባዛልት በመሮ የሚጠርብና ክፍል ውስጥ ግራናይት በደረቁ በዲስክ የሚቆርጥ ሰው አንድ አይደሉም። ሴራሚክና ኮንክሪት መቁረጥም ከኋለኛው ጋር ይመደባል። ድንጋዩን ካላወቁት ቁራጭ ወስደው በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ማዕድኑን በሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ) ያስመርምሩ።

የብየዳ ጭስ በሙሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ምድብ 1 ገብቷል። ስቴንለስ ስቲል ሲበየድ በጭሱ ውስጥ ክሮም ስድስት (ካንሰር አምጪው የክሮም ዓይነት) እና ኒኬል ይኖራል። ብረቱም ኤሌክትሮዱም ስቴንለስ መሆን አለመሆኑን ይጻፉ። ቀለም ወይም ፕራይመር ሳይፋቅ የሚበየድ ላሜራ ካለ ቀለሙ ውስጥ ያለውም ከጭሱ ጋር ይወጣል። የናፍጣ ጭስ ምድብ 1 የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጀነሬተር የት ነው የተቀመጠው? ጭስ ማውጫው ወደ ማሸጊያ ክፍሉ መስኮት ከዞረ የተጋለጡት ማሸጊያ ክፍል ያሉት ናቸው፤ በሰነድ ላይ ግን ምንም ኬሚካል የማይነኩ ተብለው ያልፋሉ።

ባትሪ በሚሞላበት ቤት የሰልፈሪክ አሲድ ጉም አለ፤ የማንቁርት ካንሰር ያመጣል። የሞተር ዘይት ሲያገለግል ፒኤኤች የሚባሉ፣ ካንሰር አምጪዎች ያሉባቸው የቃጠሎ ውጤቶች ይጠራቀሙበታልና የተቃጠለው ዘይት ከአዲሱ ለይቶ ይመዘገባል። በአሮጌ የቦይለር መጠቅለያ፣ በጋስኬት፣ በአሮጌ የፍሬን ሸራና በአሮጌ የሲሚንቶ ጣሪያ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ይህን በዓይን መለየት አይቻልም። ሳይቆፍሩ፣ ሳይሰብሩ፣ ውኃ ረጭተው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ናሙና በድርብ ከረጢት አሽገው ላቦራቶሪ ይላኩ፤ ውጤቱ እስኪመጣ እንዳለ ይቁጠሩት።

ቆዳ ፋብሪካን በቅርበት

ቆዳ ፋብሪካ ለዚህ ሥራ ጥሩ ማስተማሪያ ነው፤ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስርበት ቦታና እውነተኛው አደጋ ያለበት ቦታ እዚያ ይለያያሉ። «ክሮም ካንሰር ያመጣል» ስለተባለ ዓይን ሁሉ ቆዳው በሚለፋበት ከበሮ ላይ ነው። ከበሮው ውስጥ የሚገባው አረንጓዴው የክሮሚየም ሰልፌት ዱቄት ግን ክሮም ሦስት ነው፤ ኤጀንሲው በካንሰር አምጪነት አልመደበውም። ቆዳ ያሳክካል፣ ሽፍታ ያመጣል፣ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማልፊያው ተዘጋጅቶ ነው የሚገዛው ወይስ እዚህ ይዘጋጃል?» የሚል ነው። ፋብሪካው ዳይክሮሜት ገዝቶ በስኳር ወይም በሞላሰስ ራሱ የሚቀይር ከሆነ ከረጢቱን የሚቀድደውና ዱቄቱን የሚገለብጠው ሰው ለክሮም ስድስት ይጋለጣል። ቀለሙ ይመሰክራል፦ ዳይክሮሜት ብርቱካንማ ቀይ ነው። በግድግዳው፣ በሚዛኑ፣ በጓንቱ ጫፍ ላይ ብርቱካንማ ቀለም ካዩ ጥያቄዎ ተመልሷል። የአሜሪካ ጣሪያ ለክሮም ስድስት በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ነው፤ በዓይን ከሚታይ አቧራ እጅግ ያነሰ።

ቀጥለው ወደ ባፊንግ ክፍል ይሂዱ። ደረቅ ቆዳ በሚፋቅበት በዚህ ክፍል የሚወጣው የቆዳ አቧራ ራሱ፣ ውስጡ ምንም ይሁን ምን፣ ምድብ 1 ነው፤ የሚያጠቃውም አፍንጫን ነው። ሼቪንግ (ቆዳውን በማሽን ማሳሳት) ግን ቆዳው እርጥብ እያለ ስለሚሠራ አቧራው ትንሽ ነው። ባፊንግ ክፍል ሲገቡ ማሽኑን ሳይሆን መብራቱን ቀና ብለው ይመልከቱ። በመብራቱ ሽፋን ላይ፣ በሽቦ ላይ፣ በበሩ መቃን ላይ የተኛው ሽበት መሰል ብናኝ አየር ላይ ቆይቶ የተቀመጠ ነው። ከዚያ በፈረቃ መጨረሻ ሠራተኛው እንዴት እንደሚወጣ ይጠብቁ። በኮምፕሬሰር ቱቦ ልብሱን ካራገፈ ቀኑን ሙሉ ልብሱ ላይ የተቀመጠውን አቧራ መልሶ በፊቱ ላይ ነፋው ማለት ነው። ይህ አንድ ደቂቃ ለብቻው አንድ መስመር ይጻፍለት።

ቀለም መመዘኛ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይሠራበታል። የማቅለሚያ ዱቄት በሲኒ ወይም በማንኪያ ሲጨለፍ ይበናል። ቤንዚዲንን መነሻ ያደረጉ አንዳንድ ጥቁር፣ ሰማያዊና ቡናማ ማቅለሚያዎች ሰውነት ውስጥ ገብተው ተመልሰው ቤንዚዲን ይሆናሉ፤ የሽንት ፊኛ ካንሰር ያመጣሉ። የማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ፊኛ ላይ ካንሰር መብዛቱን ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ሬን የተናገረው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በመጨረሻም ማጠናቀቂያ ላይ ኬሲን (የወተት ፕሮቲን) ያለበት ቀለም በፎርማልዲሃይድ የሚጸና ከሆነ ረጪው ይመዝገብ።

ካንሰር ስንፈልግ ሌላውን እንዳንረሳ፦ የኖራና የሰልፋይድ ፍሳሽ ከአሲድ ፍሳሽ ጋር በአንድ ቦይ ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ እሱ ዓመታት አይጠብቅም፣ በደቂቃ ይገድላል። ቦዮቹ የሚገናኙበትን ቦታ ካዩ ለዛሬ ፍለጋውን አቁመው ያንን ያስተካክሉ።

ሥራን እንጂ የሥራ መደብን አይጻፉ

ዝርዝሩ «በያጅ፣ ቀለም ቀቢ፣ ኦፕሬተር» ብቻ ካለ አይጠቅምም። ለእያንዳንዱ ሥራ እነዚህን ይሙሉ፦ ካንሰር አምጪው ምንድነው፣ በምን መልክ ነው፣ በትንፋሽ፣ በቆዳ ወይስ በአፍ ይገባል፣ በቀን ስንት ደቂቃ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ አቧራ ወይም ትነት መሳቢያ አለ ወይ፣ ስንት ሰው። ጓንትና ማስክ በሌላ ዓምድ ይሁኑ። «ማስክ ያደርጋል» ተብሎ መጋለጡ ከዝርዝር አይሰረዝም፤ በተለይ ማስኩ የሐኪም ቤት የጨርቅ ማስክ ከሆነ ትነትም ላመ አቧራም አያቆምም። አንድ ዓይነት ሥራ በአንድ ዓይነት ቦታ የሚሠሩትን በአንድ ቡድን ይመድቡ፤ ልኬቱ በኋላ የሚወሰደው በቡድን ነው።

የአፍን መንገድ ለማወቅ ሻይ የሚጠጣው የት ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የሥራ ልብስ ቤት የሚታጠብ ከሆነ የምታጥበውም ሴት በዝርዝሩ ውስጥ ናት።

የባትሪ መብራትና ዕጣን

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ርካሽ ሙከራዎች አሉ።

ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባው አቧራ በተለመደው ብርሃን አይታይም። ክፍሉን ያጨልሙ። ጠባብ ጨረር ያለው ኃይለኛ የእጅ ባትሪ ከሠራተኛው ማዶ ያቁሙ፤ ጨረሩ አቧራው በሚነሳበት ቦታ አልፎ ወደ እርስዎ ይምጣ። የመብራቱን ዓይን በካርቶን ይጋርዱና ከጨረሩ ትንሽ ገለል ብለው ወደ መብራቱ አቅጣጫ ይመልከቱ። ንጹሕ መስሎ የነበረው አየር እንደ ጭስ ሲንቀሳቀስ ያዩታል፤ በሠራተኛው አፍንጫ በኩል ማለፍ አለማለፉም ይታያል። በስልክ ይቅረጹት። ማናጀር ለማሳመን ከአሥር ገጽ ሪፖርት ይበልጣል። መብራቱን ከሠራተኛው ሳይሆን ከራስዎ ጎን ካደረጉት ግን ምንም አይታይም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መሳቢያው መሥራቱን ለማየት የሚጨስ ዕጣን በሥራው ቦታ ላይ ይያዙ። ጭሱ ወደ መሳቢያው ከሄደ ደህና፤ ወደ ላይ ወጥቶ ከተበተነ ወይም በሠራተኛው ፊት ካለፈ መሳቢያው ድምፅ ብቻ ነው። ቲነር፣ ነዳጅ ወይም የሚቀጣጠል ላመ አቧራ ባለበት ክፍል እሳት ያለው ነገር በፍጹም አይያዙ። መሳቢያ የሚከሽፍበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ርቀት ነው፦ ከቱቦው አፍ የቱቦውን ስፋት ያህል ሲርቁ የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከተሰቀለ ስለ መኖሩ አይቁጠሩት።

አፍንጫን ግን መለኪያ አያድርጉ። ቤንዜን ከመሽተቱ በፊት ጣሪያውን ያልፋል፤ ሲሊካና አስቤስቶስ ከነጭራሹ ሽታ የላቸውም።

መለካት

ልኬቱ የሚወሰደው ከሠራተኛው ኮሌታ ላይ፣ ከአፍና አፍንጫ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መለኪያ ስለ ግድግዳው እንጂ ስለ ሰውየው አይናገርም። ለቤንዜን የከሰል ቱቦና በደቂቃ ከ0.2 ሊትር የማይበልጥ የአየር ፍሰት፤ ለሲሊካ የናይሎን ሳይክሎን (የላመውን አቧራ ከሻካራው የሚለይ መያዣ) በደቂቃ 1.7 ሊትር፤ ለክሮም ስድስት የፒቪሲ ፊልተር። የሳይክሎኑ ፍሰት ከተዛባ የሚይዘው አቧራ መጠን ይቀየራል፤ ውጤቱ ዋጋ ያጣል። የክሮም ስድስት ፊልተር ሲቆይ ወደ ክሮም ሦስት ይለወጣልና በቀናት ውስጥ መመርመር አለበት። ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ላቦራቶሪው ይያዝ። ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ያልተሠራባቸው ቢያንስ ሁለት ባዶ ናሙናዎች ይላኩ።

ፓምፑ ሥራው ባለበት ከተማ ይስተካከል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያንሳል። ሌላ አገር ተስተካክሎ የመጣ ፓምፕ ሳይፈተሽ ከተሠራበት ስሌቱ ይዛባል።

በእጅ የሚያዘው ፒአይዲ የተባለ የትነት መለኪያ ትነት የት እንደሚበዛ ለመፈለግ ጥሩ ነው። ቤንዜንን ከቶሉዊን ግን አይለይም፤ የተለመደው 10.6 ኤሌክትሮን ቮልት መብራት ያለው ደግሞ ፎርማልዲሃይድን ጭራሽ አያይም። «ዜሮ አለ» ተብሎ ክፍሉ ነጻ ነው የሚል ሪፖርት ከቀረበ አይቀበሉ።

ውጤቱን በ8 ሰዓት ያማክሉ። ረጪው 2 ሰዓት በ1.5 ፒፒኤም፣ 6 ሰዓት በ0.1 ፒፒኤም ቤንዜን ውስጥ ከዋለ፦ 3 ሲደመር 0.6፣ ለ8 ሲካፈል 0.45 ፒፒኤም ነው። ከአሜሪካው 1 ፒፒኤም በታች ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ለእ.ኤ.አ. 2026 ካስቀመጠው 0.2 ፒፒኤም ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ጣሪያ የድርድር ውጤት እንጂ ከሱ በታች ካንሰር የለም የሚል መስመር አይደለም። ዝቅተኛውን ይያዙ። ፈረቃው 12 ሰዓት ከሆነ የተለመደው ማስተካከያ ጣሪያውን በግማሽ ይቀንሰዋል።

አንድ ልኬት አይበቃም፤ መጋለጥ ከቀን ቀን ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል። ኢኤን 689 የተባለው የአውሮፓ የልኬት ደረጃ ከአንድ ቡድን ሦስት ልኬት ወስዶ ሦስቱም ከጣሪያው አንድ አሥረኛ በታች ከሆኑ ብቻ በዚያ እንዲያበቃ ይፈቅዳል። አራት ከተወሰዱ 15 በመቶ፣ አምስት ከተወሰዱ 20 በመቶ ነው። አንዱ እንኳ ጣሪያውን ካለፈ ቡድኑ ከጣሪያው በላይ ተጋልጧል ተብሎ ይያዛል። ልኬት ሊወሰድ ነው ሲባል በር የሚከፈት፣ ሥራ የሚቀዘቅዝ ከሆነ የዚያን ቀን የምርት መጠን ከተለመደው ጋር አነጻጽረው ጎን ለጎን ይጻፉ።

የሽንት ምርመራ በቆዳና በአፍ የገባውንም ስለሚያሳይ ጠቃሚ ነው፤ አነባበቡ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ለቤንዜን ፈረቃ ሲያልቅ የሚሰጥ ሽንት ውስጥ ኤስ-ፌኒል መርካፕቱሪክ አሲድ ይለካል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ሳይጋለጥም ከፍ ይላል። ሙኮኒክ አሲድ የተባለው ሌላው መለኪያ ምግብና ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ባለ መጠበቂያም ይጨምራል። በሽንት ውስጥ ያለ ክሮሚየም ሦስትና ስድስትን አይለይምና የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ላይ ብቻውን አይተረጎምም። ተራው የደም ቆጠራ ልክ መሆኑ ደግሞ አልተጋለጠም ማለት አይደለም፤ ደም የሚቀየረው ከዘገየ በኋላ ነው።

መዝገቡ

የሠራተኛው ስም፣ የጀመረበትና የለቀቀበት ቀን፣ የሠራቸው ሥራዎች፣ የኬሚካሎቹ ስምና የካስ ቁጥር፣ ልኬቶቹ፣ የነበረው መከላከያ በአንድ ገጽ ይቀመጥ። አሜሪካ የመጋለጥ መዝገብ 30 ዓመት፣ የአውሮፓ ኅብረት 40 ዓመት እንዲቆይ የሚያዙት በሽታው ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። ፋብሪካ ይሸጣል፣ ይዘጋል፣ ኮምፒውተር ይበላሻል። ስለዚህ ሠራተኛው ሲለቅ የራሱ ቅጂ በእጁ ይሰጠው፤ ለሐኪም ያሳየዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሥራ ላይ አደጋንና በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትንም እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ የማስመርመር ግዴታ አለበት።

ዝርዝሩ የሚያረጀው ሳይነገርዎ ነው። ግዥ ክፍል አቅራቢ ሲቀይር፣ አዲስ ማሽን ሲተከል፣ መሳቢያ ሲፈታ፣ ክፍል በግድግዳ ሲከፈል፣ ፈረቃ ከ8 ወደ 12 ሰዓት ሲረዝም ያንን ጣቢያ ደግመው ይራመዱት። ከግዥ ክፍል ጋር አንድ ነገር ይስማሙ፦ ሴፍቲ ዳታ ሺቱ ሳይነበብ አዲስ ኬሚካል በር አያልፍም።